ወይንሸትና የዋንጫው ባዶ መስመር

የወይንሸትን ሞት የሰማሁት ከጥያቄ ጋር ነው። ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ተራዬን ስጠብቅ የእድራችን ጸሐፊ ኃይሉ ደወለ።

«ጋሼ፣ ድራይቭ እያደረግህ ነው?»

«ቆሜያለሁ።»

«ኦኬ። ወይንሸት አርፋለች። ዛሬ ጠዋት፣ እዚያው ጎልፍ ሜዳዋ ላይ። ኳስ ልትመታ ጎንበስ እንዳለች ወደቀች አሉን። ልቧ ነው መሰለኝ።»

ኃይሉ ዝም ሲሉት የሚጨነቅ ሰው ስለሆነ ቀጠለ።

«ሶ፣ ፊውነራል ቤቱ ዕድሜዋን ይፈልጋል። አይዲዋ ሃምሳ ስድስት ይላል። እሷ ደግሞ እንደምታውቀው አርባ ስምንት ነኝ ባይ ነበረች። አንተ ከናይሮቢ ጀምሮ ስለምታውቃት የቱን እንጻፍ? የሕይወት ታሪኳንም አንተ ብትጽፍ፣ አንተ ብታነብ ብለናል።»

ከኋላዬ ያለው ባለታክሲ ጡሩምባውን እስኪነፋብኝ ድረስ ሰልፉ መንቀሳቀሱን አላየሁም። ተራዬ ደርሶ ነበር። መንገደኛው ሻንጣውን ይዞ እያየኝ ጥዬው ወጣሁ። በሃያ ዓመት ታክሲ ነጂነቴ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ወዳጅ ሲሞት መደንገጥ ያለ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሞቷ ብቻ አልነበረም፤ ጥያቄው ነው። ያን ጥያቄ በዚህ ዓለም ላይ ሊቀርብለት የማይገባ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ፤ ኃይሉ ግን አያውቅም፣ ምን ያድርግ።

ወይንሸትን ያወቅኋት ናይሮቢ ነው። እሷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ሠላሳ ሁለት። አገር ቤት እንግሊዝኛ አስተማሪ ስለነበርኩ የስደተኛው ሁሉ ፎርም ሞይ ሆንኩ። አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ቀትር በኋላ የስደተኞች ቢሮ ደጃፍ ላይ የለስላሳ ሣጥን ገልብጬ ተቀምጬ የአርባ ያህል ሰው ፎርም ሞላሁ። ተራዋ ሲደርስ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ ቁም ነገር ልትናገር ስትል እንዲህ ታደርግ ነበር።

«መቼ ተወለድሽ?»

«ግንቦት፣ ስልሳ አንድ።»

ስልሳ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው። በፈረንጁ ስልሳ ዘጠኝ መሆን ነበረበት። በአንድ የብዕር ጭረት ስምንት ዓመት አስረጀኋት ማለት ነው። እሷን ብቻ አይደለም፤ ያን ቀን በእጄ ያለፉትን ሁሉ እንዲሁ አስረጅቻለሁ። ዛሬ ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሻው ሰፈር ፌርፋክስ ላይ ከመልኩ በላይ ያረጀ መታወቂያ የያዘ ሐበሻ ካጋጠማችሁ የእኔን እጅ ጽሑፍ ጠርጥሩ።

ሎስ አንጀለስ ከመጣን በኋላ ነገሩ መሳቂያችን ሆነ። ሰርግ ላይ፣ ልደት ላይ «ጋሼ ሳያስረጀን በፊት» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያልሳቀችው ብርሃኔ ብቻ ነበረች፤ እሷም ያን ቀን ፎርሟን ያስሞላችኝ፣ ፌርፋክስ ላይ በርበሬና ነጠላ የምትሸጠው። ጋርዴና የሚኖር እጮኛ ነበራት። የሰርጉ ቀን ተቆርጦ ሳለ የልጁ እናት መታወቂያዋን አዩና «ይቺማ መቼ ትወልዳለች» ብለው አስቀሩት። ብርሃኔ ስለ ሁለቱ አቆጣጠር ብታስረዳ ማን ይስማት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው አላገባችም። «የእግዜር ፈቃድ ነው፤ ጋሼ ምን ያድርግ፣ አላወቀ» ትላለች። በዚህ ላይ የምጨምረው አለኝ፤ ቦታው ሲደርስ እጨምረዋለሁ።

ወይንሸት ሥራ ያገኘችው በአንድ የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ ክበብ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሳህን አጣቢ ሆና ነው። የወንዶቹ ዋንጫዎች ፊት ለፊት በመስታወት ቁም ሳጥን ተደርድረዋል። የሴቶቹ ዋንጫ ግን በወጥ ቤቱ ኮሪደር፣ ከበረዶ ማሽኑ አጠገብ ነበር የተቀመጠው። ማንም ሳያዛት በየሳምንቱ ትወለውለው ጀመር። ዋንጫው ከሃምሳ ዓመት በላይ ላሉ ሴት አማተሮች በየዓመቱ የሚደረግ ውድድር ሽልማት ነው። አማተር ማለት ለፍቅር እንጂ ለክፍያ የማይጫወት ማለት መሆኑን ለእኛ ያስተማረችን እሷ ናት።

«ታዲያ ያሸነፈች ምን ታገኛለች?» አላት አንድ ቀን ኃይሉ።

«ስሟ ይጻፋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተጻፈ።»

የውድድሩን ታሪክ ከዋንጫው ላይና ከሚስ ሩት ለቃቅማለች። ሚስ ሩት ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከሜዳው የማይጠፉ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። ድሮ ሴቶች ሜዳውን የሚያገኙት ወንዶቹ በማይጫወቱበት ጠዋት ብቻ ነበር አሉ። ሃምሳ ያለፋትማ ጭራሽ «ቤትሽ ተቀመጪ» ትባላለች። ጥቂት ሴቶች ኬክ እየጋገሩ ሸጠው ይህን ዋንጫ ገዙ። ወይንሸት ከመጀመሪያዋ አሸናፊ አንስታ እስከ መጨረሻዋ ስማቸውን በተርታ ትወርደዋለች፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው። መሀል ላይ ግን አንድ መስመር አለ፤ ዓመቱ ተቀርጿል፣ ስም የለበትም። እዚያ ስትደርስ ትቆማለች።

«ዝናብ ሆኖ ይሆናል» እላታለሁ።

«ሎስ አንጀለስ?» ትለኛለች።

ሚስ ሩትንም ጠይቃቸው ነበር፤ ስቀው አለፏት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያስደነገጠችኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሥራ ስትጨርስ ቤቷ ላደርሳት መጥቼ ወጥ ቤት የለችም። ከሕንጻው ጀርባ ሄድኩ። ሰው ጥሎት የሄደ የጎልፍ ዱላ ይዛ፣ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ ኳስ ትመታለች። አንዱን ስትመታው አየሁ፤ ሲያርፍ ግን አላየሁም። ሚስ ሩት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ያዩዋታል።

«ይሄን የት ተማርሽው?» አልኳት በመኪና ስንሄድ።

መዳፏን ጠረገች። «የገና ጨዋታ ነዋ። ወንድሞቼ ሲጫወቱ ሩሯን እየሮጥኩ የማመጣላቸው እኔ ነበርኩ። ሴት ናት ብለው ዱላ አይሰጡኝም። እነሱ ምሳ ሲገቡ ብቻዬን እመታለሁ።»

ከዚያ ወዲህ የጎልፏንም ኳስ ሩር ነበር የምትላት።

ወይንሸት ደስ የምትል ሰው ነበረች ብዬ አልዋሽም። ምግብ ቤት ተጋብዛ «እንዴት ነው?» ሲሏት «ጨው በዝቶበታል» የምትል ሰው ናት። በሙሽራ ፊት «ቀሚሱ ጠቦሻል» ብላለች። ይሉኝታ ያልፈጠረባት ነች እያልን እናማት ነበር፤ ቸግሮን የምንጠራው ግን እሷን ነው። ሎንግ ቢች ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ያለው ሰው ማታ ማታ ማን ይጠይቅልኝ ብሎ አይጨነቅም፤ ወይንሸት ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ትደርሳለች።

አሥራ ምናምን ዓመት እንዲሁ ስትመታ ኖረች። አንድ ቀን ሚስ ሩት መታወቂያዋን አዩት።

«አንቺ፣ ሃምሳ ሁለት ነሽ እንዴ? ምን ትጠብቂያለሽ? ሪጅስተር አድርጊ» አሏት።

መጥታ አማከረችኝ። አርባ አራት ዓመቷ ነበር።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ ሃምሳ ሁለት ይላል። ምን ይመስልሃል?»

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ሽማግሌ ምን ማለት እንዳለበት ግልጽ ነው። እኔ ያልኩት ግን «አሜሪካ ውስጥ ሰው ማለት ወረቀቱ ነው፤ ግቢ» ነው። ደስ አላት። አሥራ ምናምን ዓመት የወለወለችው ዋንጫ ላይ ስሟ እንዲጻፍ ምን ያህል ትመኝ እንደነበር ያየሁት ያን ቀን ፊቷ ላይ ነው።

ውድድሩ ሁለት ቀን ነበር። በሁለተኛው ቀን መሪ ነች ሲባል ፌርፋክስ ተነቅሎ መጣ። ሠላሳ ያህል ሰው፣ ነጠላ የለበሰው ለብሶ፣ ሦስት ቫን ሙሉ። ጎልፍ ምት ያነሰው የሚያሸንፍበት ጨዋታ መሆኑን የነገረን የለም። ስለዚህ ተቀናቃኟ ብዙ መታች ሲባል እናዝናለን፤ ወይንሸት በትንሽ ምት ስትጨርስ «ምነው ደከመች» እንላለን። አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ቀርበው አስረዱን። ከዚያ ብርሃኔ እልልታውን ለቀቀችው፤ ሽማግሌው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ለመኗት። የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ኳሷ ስትገባ ግን ማን ማንን ይለምናል። ሽማግሌውም አብረው አጨበጨቡ።

በአንድ ምት አሸነፈች። ሁለተኛ የወጣችው ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት ነበረች፤ ሁለተኛ ስትወጣ አራተኛ ጊዜዋ መሆኑን ኋላ ሰማን።

ለሽልማቱ አዳራሽ ገባን። የውድድሩ ወግ ነው፤ ዋንጫው ከመሰጠቱ በፊት የአሸናፊዎቹ ስም ከመጀመሪያዋ ጀምሮ ይነበባል። ወይንሸት ይህን ሰምታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ይህ ሰዓት ሳህን የምታጥብበት ነበር። ስሞቹን አንባቢዋ ስታነብ የወይንሸት ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ባዶው መስመር ጋ ሲደረስ አንባቢዋ ቆመች፤ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነሣ።

«በዚህ ዓመት ያሸነፈችው ሴት ዋንጫዋን ቤቷ ከወሰደች በኋላ፣ የምት መመዝገቢያ ካርዷ ላይ አንድ ምት አሳንሳ መጻፏን አስታወሰች። ማንም አላየም ነበር። በማግስቱ መለሰችው» አለች።

ሚስ ሩት አንገታቸውን ደፉ። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሮ አጨበጨበ። ያኔ ገባን።

ወይንሸትን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። ስሟ ተጠራ፤ ወጣች፤ ዋንጫውን ሰጧት። ዋንጫውን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችና መዳፏን በሱሪዋ ጠረገች። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ የተናገረችው ይህ ነው፦

«እኔ ሃምሳ ሁለት አይደለሁም። አርባ አራት ነኝ። ወረቀቴ ነው ያረጀ። ይቅርታ።»

መጀመሪያ ፈረንጆቹ ሳቁ፤ ቀልድ መሰላቸው። ከዚያ ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ። ብርሃኔ ክንዴን ጨብጣ ጥፍሯን ተከለችብኝ።

የውድድሩ ኃላፊ ቀስ ብላ ጠየቀቻት። «ታዲያ የተሳሳተውን ማን ጻፈው?»

ከፊቷ ሦስት እርምጃ ርቄ ፎቶ ላነሣ ስልኬን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ወይንሸት አዳራሹን ሁሉ ስታይ እኔን ብቻ ዘለለችኝ።

«እኔ» አለች።

እኔም ዝም አልኩ። ይህ የሆነ ነገር ነው፤ ሌላ አማርኛ የለውም።

ኃላፊዋ ቁጡ ሰው አልነበረችም። ወረቀትሽን አስተካክለሽ፣ እውነተኛው ሃምሳሽ ሲሞላ ነይ፤ በሩ ክፍት ነው ብላ አሰናበተቻት። ሁለተኛ የወጣችው ሴት ደግሞ «እኔ አላሸነፍኳትም» ብላ ስሟ እንዳይጻፍ ከለከለች። ዋንጫው ላይ ሁለተኛ ባዶ መስመር ተጨመረ።

ፌርፋክስ ግን አልማራትም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንላለን፤ በጎልፍ ጨዋታ ግን ጌታውም ሎሌውም ተቆጣ። የግማሹ ሰው ወረቀት እንደሷ ነዋ። «ነገ መጥተው የሁላችንንም ቢመረምሩስ? ምን አስለፈለፋት?» ተባለ። ምግብ ቤት ስትገባ ጨዋታ ይቋረጣል። ብርሃኔ፣ ወይንሸት ሱቋ መጥታ በርበሬ ስትጠይቃት «አልቋል» አለቻት፣ ጆንያው ከጀርባዋ ተከምሮ። እኔስ? እኔ ከሁሉ ቀድሜ ራቅሁ። ከሥራ ቤቷ ማድረሴንም ተውኩ።

በዓመቱ አንድ እሁድ ታክሲዬ ጋ መጣች። ፖስታ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ወረቀቴን የሚያስተካክልልኝ ሎየር ፎርሙ ሲሞላ የነበረ ምስክር ያስፈልጋል አለኝ። እንዳላስቸግርህ ረቂቁን እኔው ጽፌዋለሁ። አንብበህ ብትፈርምልኝ።»

«ሥራ በዝቶብኛል ወይንሸት። አየዋለሁ።»

«እሺ። አይዞህ፣ ቀስ ብለህ። ሃምሳ እስኪሞላኝ ገና ነው።»

ፖስታውን የመኪናው ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ሳልከፍተው ሦስት ዓመት ተቀመጠ። ደግማ አልጠየቀችኝም። በየጠዋቱ ግን ሥራ ከመግባቷ በፊት ሜዳው ላይ ትለማመድ ነበር። ሃምሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት ሲቀራት፣ እዚያው ወደቀች።

ከኤርፖርት ሰልፍ ወጥቼ መኪናዬን አንድ ጥግ ፓርክ አድርጌ ፖስታውን ያኔ ከፈትኩት። በአማርኛ ነው የጻፈችው፤ የተማሪ የሚመስል ክብ ክብ ፊደል።

«ለሚመለከተው ሁሉ። የወይንሸትን ፎርም ናይሮቢ የሞላሁት እኔ ነኝ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የነገረችኝን ሳልቀይር ጽፌዋለሁ። ይህ የሆነው በጊዜው ልዩነቱን ስላላስተዋልኩ ነው እንጂ በክፋት አይደለም።»

ከሥሩ በእርሳስ ደግሞ «ጋሼ፣ አንተን የሚነካ ቃል ካለበት ሰርዘው» ይላል።

መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የሚነካኝ ቃል አልነበረበትማ። የነበረበት ውሸት ነው፤ እሷ እውነት መስሏት የጻፈችው።

እጨምራለሁ ያልኩት ይህን ነው። ያን ቀን ናይሮቢ የሁሉን ፎርም ሞልቼ የራሴን መጨረሻ ላይ ይዤ ስደተኞች ቢሮው ውስጥ ገባሁ። የቢሮው ሠራተኛ፣ ኬንያዊት ናት፣ አየችኝና «እናንተ ሌላ ካላንደር አላችሁ አይደል? ቀይረኸዋል?» አለችኝ። ብዕሬን አውጥቼ የራሴን አስተካከልኩ። የሌሎቹ ፎርም ጠረጴዛዋ ላይ ተከምሯል። «እነዚህስ?» ስትለኝ «ሁሉም ተቀይረዋል» አልኩ። አስተማሪ ነኝ፤ አርባ ሰው ፊት ተሳሳትኩ ማለት አፈርኩ። ቢሮውም ሊዘጋ ነበር። ሰበቡ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።

ቅዳሜ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሞላ። በሕይወቷ የራቋት ሁሉ መጥተዋል፤ ከቀብር የሚቀር ሐበሻ የለም። ሚስ ሩት ፊት ወንበር ላይ ከዱላቸው ጋር ተቀምጠዋል። ኃይሉ «አጠር አድርገው ጋሼ» ብሎ ማይኩን ሰጠኝ።

ወረቀቴን ዘረጋሁ። «ወይንሸት የተወለደችው በስልሳ አንድ ዓ.ም. ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። ስታርፍ አርባ ስምንት ዓመቷ ነበር» ብዬ አነበብኩ። ማጉረምረም ተሰማ። ቀጠልኩ። ስለ ወንድሞቿ፣ ስለ ገናው፣ ስለ ሜዳው አነበብኩ። መጨረሻ ላይ ወረቀቱን አጠፍኩት፤ የቀረው አልተጻፈም ነበር።

«ዋንጫዋን ስትመልስ ማን ጻፈው ተብላ እኔ ያለችው ለእኔ ብላ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሷ ባለማወቅ መስሏት ሞተች። ባለማወቅ አይደለም። የዚያኑ ዕለት ተነግሮኛል፤ የራሴን አስተካክዬ የእሷን ተውኩት።»

ኃይሉ ማይኩን ሊቀበለኝ እጁን ዘርግቶ እንደዘረጋ ቀረ።

ከሦስተኛው ረድፍ ብርሃኔ ተነሣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። አልጮኸችም። ሱቋ ውስጥ ዋጋ እንደምትነግር ሰው ዝግ ባለ ድምፅ ነው የጠየቀችኝ።

«የእኔንስ ጋሼ? የእኔንም ታውቅ ነበር?»

«የአንቺንም» አልኳት።